የአሮጌ መኪና ወንበርና ጣሪያ ማደሻ ዕቃዎች፦ የትኛው ዋጋውን ያወጣል?

የቆየ መኪና ውስጡን ለማደስ ሲታሰብ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው የወንበሩ ልብስና ቀለሙ ነው። ገንዘቡም እዚያው ያልቃል። ሥራውን ለዓመታት የሚያቆየው ግን ከሥር ያለው ማስቲሽና ስፖንጅ ነውና በጀት ሲጠብ መቆጠብ ያለበት ከላይኛው ልብስ ላይ ነው። ቤት ውስጥ በእጅ ለሚሠራ ታፒሴሪያ (የወንበርና የጣሪያ ልብስ ሥራ) የሚሸጡት ዕቃዎች ብዙዎቹ በዚህ መለኪያ ሲታዩ ደረጃቸው ይገለበጣል።

ከጣሪያው እንጀምር፤ ሰው በብዛት ገንዘቡን የሚያባክነው እዚያ ነው። የጣሪያ ጨርቅ በጀርባው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ስስ ስፖንጅ ተለጥፎበታል። ከዓመታት ሙቀትና እርጥበት በኋላ የሚያልቀው ይህ ስፖንጅ ነው። ጨርቁን ከተንጠለጠለበት ገለጥ አድርገው በጣት ቢያሹት እንደ ዱቄት ይረግፋል፣ እጅም ላይ ይጣበቃል። በመርፌ ወደ ውስጥ የሚገፋ ማስቲሽ የሚከሽፈው ለዚህ ነው፦ ማስቲሹ ዱቄቱን ይይዛል፣ ዱቄቱ ግን ራሱ የያዘው ነገር የለም። እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዙት ማያዣ ስፒሎች ጨርቁ የሾፌሩን ዕይታ እንዳይጋርድ ለጥቂት ሳምንት ይረዳሉ፤ ከዚያ በላይ አይጠበቅባቸውም።

ትክክለኛው መንገድ ጨርቁ የተለጠፈበትን የጣሪያ ቦርድ ማውረድ ነው። የፀሐይ መከላከያዎቹ፣ መያዣ እጀታዎቹ፣ መብራቱና ጣሪያውን የሚሸከሙት ምሰሶዎች ሽፋኖች ይፈታሉ። ከምሰሶው ሥር ኤርባግ (በግጭት ጊዜ የሚነፋ ከረጢት) ያለው መኪና ከሆነ መጀመሪያ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይነቀልና 10 ደቂቃ ይጠበቃል። ቦርዱ ከተጠቀጠቀ ቃጫ የተሠራ ስለሆነ አንዴ ከታጠፈ መስመሩ በአዲሱ ጨርቅ ላይም ይታያል፤ ለሁለት ሆኖ ማውጣት ይሻላል። የቀረውን ስፖንጅ በደረቁ፣ ጠንከር ባለ የናይሎን ብሩሽ እስከ ንጹሑ ቦርድ ድረስ ማራገፍ ያስፈልጋል። የሽቦ ብሩሽ ቦርዱን ይቦረቡረዋል፣ ውኃ ያሳብጠዋል። ከሥራው ሁሉ አሰልቺው ይህ ነው፤ እዚህ የተዘለለች እጅ የምታክል ቦታ በኋላ አረፋ ሆና ትነሣለች።

ማስቲሹን በተመለከተ ፍርዳችን ቁርጥ ያለ ነው። ለወረቀት፣ ለካርቶንና ለሁሉም ነገር ተብሎ የሚሸጠው ስፕሬይ ለጣሪያ አይሆንም። በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጡ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል፣ ቆርቆሮው ሥር ደግሞ ከዚያም ይብሳል፤ ተራው ማስቲሽ በዚያ ሙቀት ይለሰልስና ጨርቁን ይለቀዋል። ጣሳው ላይ ሙቀት እንደሚችል በቁጥር የተጻፈበትንና ለመኪና ጣሪያ ጨርቅ ተብሎ የተሠራውን ይምረጡ። ለአንድ አነስተኛ መኪና 500 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ሁለት ጣሳዎች ይበቃሉ። በብሩሽ የሚቀባው ቢጫ ማስቲሽ ሲይዝ ኃይለኛ ነው፤ ነገር ግን ስሱን ስፖንጅ ያረጥበዋል፣ የብሩሹም መስመር ከላይ ይታያል። እሱን ለበር ሽፋንና ለወፍራም ስፖንጅ ያቆዩት።

ጨርቁ ከቦርዱ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ተርፎ ይቆረጥ። ግማሹን ወደ ኋላ አጥፎ ቦርዱንም የጨርቁን ጀርባም መርጨት፤ ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያውን አቋርጦ ይሂድ። ማስቲሹ ጣት ሲነካው የሚጣበቅ፣ ግን ጣት ላይ የማይቀር እስኪሆን ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይወስዳል። እርጥብ ሳለ የተጫነ ጨርቅ ከላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል። ከመሃል ወደ ዳር በመዳፍ እየጫኑ ይሂዱ፤ ጎድጎድ ያለ ቦታ ሲደርሱ ግን መጀመሪያ የጎድጓዳውን ሥር ተጭነው አስይዙና ከዚያ ወደ ዳገቱ ይውጡ። ጨርቁ ጎድጓዳውን እንደ ድልድይ ተሻግሮ ከተወጠረ መጀመሪያ የሚለቀው እዚያ ነው። ከ24 ሰዓት በፊት ወደ መኪናው አይመልሱት።

ወደ ወንበሩ ስንመጣ፣ የሽቦ ቀለበትና የፒንሳው ኪት ያለ ማመንታት የሚገዛ ነው። የወንበር ልብስ ከሥሩ ሽቦ አለው፤ ስፖንጁም ውስጥ የተቀበረ ሽቦ አለ። ቀለበቱ ሁለቱን አንድ ላይ ይቆልፋል፣ በወንበሩ ላይ የሚታዩት ጎድጓዳ መስመሮችም ከዚሁ የሚመጡ ናቸው። የድሮዎቹን በጎን መቁረጫ ፒንሳ ቆርጦ መጣል ነው። ዝገት የማይይዘውን ይውሰዱ፣ 100 ፍሬ ካለው ያነሰም አይግዙ፤ በመጀመሪያ ሙከራ የሚጣመመው ብዙ ነው። ፒንሳው ደግሞ ከአፉ ውስጥ ቦይ ያለው መሆን አለበት፤ ተራ ፒንሳ ቀለበቱን ያንሸራትታል። የፕላስቲክ ማሰሪያም ይሠራል፣ ቀስ በቀስ ስለሚጠብቅ እንዲያውም ለጀማሪ ይቀላል፤ የተቆረጠው ጫፍ ወደ ታች ይዙር፣ አለዚያ ልብሱን ይበሳል። የተቀበረው ሽቦ ስፖንጁን ቀድዶ ከወጣ ቀለበት ብቻውን አይረዳም። የጆንያ ጨርቅ ቁራጭ ሽቦው ላይ አጥፎ በማስቲሽ ከስፖንጁ ጋር ማጣበቅ ያስፈልጋል።

በሾፌሩ ወንበር ላይ ቀድሞ የሚሞተው ወደ በሩ ያለው ጎን ነው፤ ሲገባና ሲወጣ ሰውነት የሚያርፈው እዚያ ላይ ነውና። ለመሙያ የሚመረጠው ስፖንጅ በሜትር ኩብ ከ35 እስከ 50 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነው። ለትራስ የሚሸጠው ለስላሳ ስፖንጅ በእጅ ሲጫኑት ደስ ይላል፣ በጥቂት ወራት ግን ተጨፍልቆ ይቀራል። የፈረሰውን ክፍል በረጅም ስለታም ቢላዋ ቀጥ አድርጎ ቆርጦ፣ ቁራጩን ትንሽ አተልቆ በማስቲሽ ማጣበቅና ከዚያ ቅርጹን ማስያዝ ነው። ልብሱን ሲመልሱ ስስ ፌስታል ስፖንጁ ላይ ቢያነጥፉ ያለ ትግል ይንሸራተታል፤ ልብሱንም ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሞቅ ይረዳል።

ዝግጁ የወንበር ልብስ በፈረሰ ስፖንጅ ላይ ከተጫነ ጉድጓዱን ይዞ ይጨማደዳል። ለሁሉም መኪና ይሆናል የሚባለው ከነጭራሹ አይመከርም፤ በሞዴሉ ልክ የተሰፋው ግን ስፖንጁ ጤነኛ ከሆነ ጥሩ ግዢ ነው። ወንበሩ በጎኑ ኤርባግ ካለው፣ ልብሱ በዚያ በኩል ሲነፋ የሚቀደድ ልዩ ስፌት እንዳለው ሳያረጋግጡ አያልብሱት። ከልብስ ይልቅ የሳሎን ጨርቅ ለመጠቀም የሚያስቡም አሉ። የአሜሪካው የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 302 የመኪና ውስጥ ጨርቅ ሲቃጠል እሳቱ በደቂቃ ከ102 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይሄድ ያዝዛል፤ የሳሎን ጨርቅ ይህን ታስቦ የተሠራ ላይሆን ይችላል።

የሚረጨው ቀለም ለበር ሽፋን፣ ለኋላ ወንበርና ለፕላስቲክ ክፍሎች ጥሩ ነው። የሚበላሸው በአብዛኛው ከማጽዳት ጉድለት ነው፤ ዳሽቦርድ ለማብረቅ የሚረጨው ሲሊኮን ሥሩ ከቀረ ቀለሙ ዓሣ ዓይን የመሰለ ቀዳዳ እያወጣ ይሸሻል። በሳሙና አጥቦ፣ አድርቆ፣ በአይሶፕሮፒል አልኮል ሁለት ጊዜ መወልወል ያስፈልጋል። ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ከ3 እስከ 5 ስስ ዙር። የደህንነት ቀበቶ በፍጹም አይቀባም፤ ኬሚካሉ የቀበቶውን ክር ሊያዳክመው ይችላል።

ፈሳሹ የቆዳ መጠገኛ ኪት ከሁሉም ያሳዘነን ነው። ማስታወቂያው ላይ የሚታየው የተቀደደ መቀመጫ በዚህ ፈሳሽ አይድንም፤ በሚተጣጠፍ ቦታ ላይ ዳሩ ተላጦ ይነሣል። ለማይታጠፍ ቦታ፣ ለሲጋራ ቀዳዳና ከ1 ሴንቲ ሜትር ለማይበልጥ ጭረት ብቻ፣ ከሥሩ ጨርቅ ተደርጎ በስስ በስሱ ሲሞላ ይሠራል።

ከሁሉም ርካሹን ዕቃ ግን ብዙ ሰው ይረሳዋል፦ ጎባጣ መርፌና አንድ ጥቅል ወፍራም የፖሊስተር ክር። ብዙ "የተቀደደ" ወንበር ሲታይ ቆዳው ደህና ሆኖ ክሩ ብቻ በፀሐይ ያለቀ ነው። የጥጥ ክር ቶሎ ይበሰብሳልና አይሞክሩት። መርፌው በድሮዎቹ ቀዳዳዎች ብቻ ይግባ፤ አዲስ ቀዳዳ በመካከላቸው ከተጨመረ ቆዳው እንደ ቴምብር ዳር በመስመሩ ይቀደዳል። ስፌቱን ክሩ ካለቀበት ቦታ ሦስት ቀዳዳ ቀድመው ጤነኛው ስፌት ላይ ጀምረው ከማብቂያውም ሦስት ቀዳዳ አልፈው ይጨርሱት፣ ቋጠሮውንም ወደ ውስጥ ይቅበሩት።