እማዬን ትሪየር ላደረሰችልኝ አስጎብኚ

ይህን ምስጋና መጻፍ ከነበረብኝ ሦስት ሳምንት አልፏል። እማዬን ፍራንክፈርት ኤርፖርት ከሸኘሁ ጀምሮ ሥራ ፋታ አልሰጠኝም። ዛሬ ግን ሳልጽፍ አላድርም። እናት ወይም አባት ከሀገር ቤት መጥተውላችሁ "የት ልውሰዳቸው?" ብላችሁ የምትጨነቁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

መጀመሪያ የተቃጠልኩበትን ልናገር። በፈረንጆቹ 2022፣ በፍልሰታ ጾም፣ እማዬን በራይን ወንዝ ላይ በመርከብ ላንሸራሽራት ብዬ ያጠራቀምኩትን ሁሉ ከፈልኩ። የዚያን ዓመት ድርቅ እዚህ ጀርመን ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ። ካውብ በምትባለው ከተማ የወንዙ መለኪያ ከ40 ሳንቲ ሜትር በታች ወረደ። መርከቡ ማለፍ አልቻለም። እሱ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ዝናብ የእግዜር ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ የያዙን አያያዝ ነው። አንድ ቃል ሳይነግሩን ከነሻንጣችን አውቶቡስ ላይ ጫኑን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል። ስድስት ሰዓት ተቀምጣ እግሯ አበጠ። አስጎብኚው ምልክቱን ከፍ አድርጎ ይሮጣል፣ እኛ ከኋላ እንከተላለን። አንድ ከተማ ላይ ጭራሽ ጥለውን ሄዱ። እማዬ ደረጃ ላይ ተቀምጣ "ልጄ፣ እኔን እዚህ ተዪኝና አንቺ እንኳ እዪ" አለችኝ። ያን ቃሏን እስካሁን አልረሳሁትም።

ምግቡማ አይነሳ። ጾም ላይ ናት ብዬ በጽሁፍም በቃልም ነግሬያቸዋለሁ። ዓሣ አመጡ። በማግስቱም ዓሣ። እማዬ ሳምንቱን በዳቦና በሰላጣ ገፋችው። ገንዘቤን መልሱልኝ ብዬ ጻፍኩ፣ ደወልኩ፣ ለመንኩ። እስከ ዛሬ መልስ የለም።

ሁለተኛ መርከብ አልረግጥም ብዬ ነበር። ዘንድሮ መስከረም ላይ እማዬ ስትመጣ ግን የሥራ ባልደረባዬ ስለ አንድ ትንሽ መርከብ ነገረችኝ። ከኮብሌንዝ ተነስቶ በሞዘል ወንዝ ሽቅብ እስከ ትሪየር ይሄዳል። ገና ሳልከፍል አስጎብኚዋ ራሷ ደወለችልኝ። "እናትሽ ሳያርፉ ስንት ደረጃ መውጣት ይችላሉ?" አለችኝ። እኔ ልጇ ቆጥሬ አላውቅም። ያን ዕለት ማታ እማዬን ይዤ የፎቃችንን ደረጃ ቆጠርን።

ሞዘል ሲያዩት እንጂ ሲነግሩት አይሆንም። ወንዙ ዞሮ ዞሮ እዚያው የመጣ ይመስላል። ግራና ቀኙ ወይን ብቻ ነው። ብሬም አጠገብ ካልሞንት የሚባል ተራራ አለ፤ ቁልቁለቱ 65 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ለቀማ ተጀምሮ ነበር። እማዬ ሰዎቹን ገደሉ ላይ ስታያቸው "ይህን ማን ደፍሮ ተከለው!" ብላ አማተበች። በመንገዱ ላይ ብዙ ቦታ መርከቡ በሁለት ግንብ መሀል ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃው ቀስ እያለ ከፍ ያደርገዋል። ካፒቴኑ አሠራሩን አስረድቶኛል፤ እውነቱን ለመናገር አልገባኝም። እማዬ ግን አንዱም እንዲያመልጣት አልፈለገችም።

ኮኸም የደረስነው ረቡዕ ነው። ኮረብታው ላይ ያለውን ግንብ ከታች ሆነን አየነው። በ1689 የፈረንሳይ ወታደሮች አፍርሰውት በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንደገና የተሠራ ነው። አስጎብኚዋ ለእማዬ ወንዙ ዳር ጥላ ያለው መቀመጫ ይዛላት ጠበቀችን። ምሳ ላይ ቅቤ የሌለበት የምስር ሾርባ መጣ። አርብም እንዲሁ፣ ሳንጠይቅ።

በርንካስቴል ኩስ ላይ ደግሞ አንድ የአረጋውያን ቤት አሳየችን። ኒኮላስ የሚባል የካቶሊክ ካርዲናል በ1458 ያቋቋመው ነው። ለ33 ሽማግሌዎች ነው የታሰበው፣ በጌታ ዕድሜ ልክ። እስከ ዛሬም አረጋውያን ይጦሩበታል። እማዬ ልቧ ተነካ። መስቀል ገና ማለፉ ነበርና ስለ ደመራው፣ ስለ ንግሥት እሌኒ ታወራ ጀመር። እኔ እተረጉማለሁ። አስጎብኚዋ ዝም ብላ ሰማች። ምንም አላለችም።

ቅዳሜ ትሪየር ገባን። ሮማውያን የሠሩት ትልቁ ጥቁር በር፣ ፖርታ ኒግራ፣ ዛሬም ቆሟል። ሌላው መንገደኛ ወደዚያ ሄደ። አስጎብኚያችን ግን ሰዎቹን ለከተማዋ አስጎብኚ አስረክባ እማዬን በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ካቴድራሉ ወሰደቻት። "ደረጃ አለው፤ ትናንት ደውዬ አስቆጥሬዋለሁ፣ ይችላሉ" አለችኝ። ደግፋ አወረደቻት። ለካስ እዚያ ታች የንግሥት እሌኒ ነው ተብሎ የሚከበር የራስ ቅል አለ! ደመራ አስደምራ፣ ጢሱን ተከትላ መስቀሉን ያስቆፈረችው እሌኒ። እማዬ ስነግራት መጀመሪያ አላመነችኝም። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች። ጸለየች፣ አለቀሰች፣ ደግሞ ጸለየች። አርባ ደቂቃ ያህል ሆነ። አስጎብኚዋ የእማዬን ምርኩዝ ይዛ ግድግዳውን ተደግፋ ቆየች። አንድ ጊዜ እንኳ ሰዓቷን አላየችም።

ስንወጣ እማዬ እጇን ያዘቻት። "ክፉ አይንካሽ ልጄ። ከዛሬ ጀምሮ እሌኒ ብዬሻለሁ" አለቻት። መተርጎም አቃተኝ፤ እንባዬ ቀደመኝ። እሷ ግን ገብቷታል።

ወገኖቼ፣ ወላጅ ካላችሁ ወደ እሷ ውሰዱ። ጉልበታቸውን፣ ጾማቸውን፣ መድኃኒታቸውን ሁሉን ንገሯት፤ ትጽፈዋለች፣ አትረሳውም። እንዲህ ያለ ሰው በገንዘብ አይገኝም። ስሟን አደባባይ እንዳላወጣ ለምናኛለች፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷንም መርከቡንም እነግራችኋለሁ። ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፣ ለመስከረም ከፈለጋችሁ ቀደም በሉ።

እማዬ ከአዲስ አበባ በደወለች ቁጥር "እሌኒ ደህና ናት?" ትለኛለች። ባለፈው ሳምንት በመጣ ሰው ጥለቱ መስቀል የሆነ ነጠላ ልካላታለች። ቅዳሜ ኮብሌንዝ ሄጄ አለብሳታለሁ።