ሬድ ፍላግ ወይስ የካናዳው የእሳት መለኪያ፦ የቱን ልከተል?

ካሊፎርኒያ ላላችሁ ወገኖች ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ሰደድ እሳት የሚበረታበትን ቀን አስቀድሞ ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ።

አጠቃቀም፦ ሬድ ፍላግ የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት የሚያወጣው ማስጠንቀቂያ ነው። ደረቅ አየርና ኃይለኛ ንፋስ ሲገጣጠሙ ይታወጃል። ለመረዳት ቀላል ነው፤ ወይ አለ ወይ የለም። የካናዳው የእሳት መለኪያ (Fire Weather Index) ግን የአደጋውን መጠን የሚያሳይ ቁጥር ነው። የቀትር ሙቀት፣ እርጥበትና ንፋስ፣ ከዚያም የ24 ሰዓት ዝናብ ተሰልቶ ይወጣል። ለጀማሪ ትንሽ ያደናግራል።

ጥልቀት፦ እዚህ ላይ የካናዳው ይበልጣል። መሬት ላይ የወደቀ ቅጠል አንስታችሁ ጨብጡት። ደረቅ ከሆነ ተሰባብሮ ይደቃል። ያ የላይኛው ንብርብር በአንድ ቀን ፀሐይ ይደርቃል። ከሥሩ ያለው ወፍራም ብስባሽ ግን ሳምንታት ይፈጅበታል። መለኪያው ሁለቱንም ለየብቻ ይከታተላል። ስለዚህ ድርቁ ሲከማች ቀስ በቀስ ያሳያችኋል።

አደጋው፦ ሬድ ፍላግ ሲደጋገም ሰው ይለምደዋል። ይህ በጣም ያሳስበኛል። ጥር 7 ቀን 2025 በፈረንጆቹ ሎስ አንጀለስ አካባቢ የፓሊሴድስና የኢተን ሰደድ እሳቶች ሲነሱ ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ ስለዚህ ለምዳችሁት ችላ አትበሉት።

ለማን? ቤተሰብ ይዞ ኮረብታ ሥር ለሚኖር ሬድ ፍላግ ይሻላል፤ ሲታወጅ ሻንጣው በር ላይ፣ መኪናው ነዳጅ ሞልቶ ይቁም። እርሻ ወይም ደን ለሚጠብቅና ቁጥቋጦ መቼ እንደሚመነጥር ለሚያቅድ ደግሞ የካናዳው።