ለጉልበት ሕመም የትኛው መርፌ? ስቴሮይድ፣ የጉልበት ጄል ወይስ ገና ያልመጣው ናኖ

እናቴ ደብረ ማርቆስ ነው የምትኖረው። ቅዳሴ ቆማ በተመለሰች ቁጥር ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ትቀመጣለች። ባለፈው ክረምት «ልጄ፣ መርፌ አለ አሉ፤ ለምን አልወጋም?» አለችኝ። ለእሷ ብዬ ያጣራሁት፣ ወላጁን ሊያሳክም ገንዘብ ለቋጠረ ሁሉ ይጠቅም ይሆናል።

ስቴሮይዱ (ትሪያምሲኖሎን የሚባል፣ እብጠት የሚያስታግስ መድኃኒት) ዋጋው ቀለል ያለ ነው፤ ቶሎም ያስታግሳል። ጉልበት አብጦ እንቅልፍ ለነሳው ሰው የጥቂት ሳምንት እፎይታ ትልቅ ነገር ነው። መደጋገሙን ግን እፈራዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 140 ሰዎችን ለ2 ዓመት ተከታትሏል። በየ3 ወሩ 40 ሚሊግራም የተወጉት ሰዎች፣ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ የሚከላከለው ካርቲሌጅ ለማነጻጸሪያ መድኃኒት የሌለው የጨው ውሃ ከተወጉት ይልቅ ሳስቶባቸው ተገኘ፤ በሕመም በኩል ግን አልተሻሉም። ስኳር ያለበት ሰውም ከመርፌው በኋላ ለቀናት ስኳሩ ሊጨምር ስለሚችል አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።

ጄሉ ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው፤ በጤነኛ መገጣጠሚያ ፈሳሽ ውስጥም ይገኛል። አንዳንዱ በሳምንት አንዴ ለ3 ሳምንት፣ አንዳንዱ በጠቅላላው አንዴ ብቻ ይወጋል። ዋጋው ይወደዳል፤ ቶሎም አይሠራም። ከጨው ውሃ የሚበልጥበት መጠን ትንሽ ስለሆነ ለእናቴ አልመረጥኩትም።

ናኖው መገጣጠሚያን ማለስለስንና መድኃኒት ማድረስን በአንድ ለማዋሃድ የታሰበ ነው። በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች ላይ ውሃ የሚስብ ፖሊመር (እንደ ረጅም ሰንሰለት የተያያዘ ሞለኪውል) እንደ ብሩሽ ፀጉር ይተከላል። የተነከረ ተልባ እንዴት እንደሚያሙለጨልጭ አስቡት፤ ፖሊመሩም ውሃውን ይዞ ያንሸራትታል። ቅንጣቱ ውስጥ የተጫነው ዲክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ደግሞ ቀስ እያለ ይለቀቃል። በጣም ተስፋ የማደርግበት ይህ ነው። እስካሁን ግን የተሞከረው በላቦራቶሪና በአይጦች ጉልበት ላይ ስለሆነ፣ «የሚያለሰልስ ናኖ መርፌ» ብሎ የሚሸጥላችሁ ቢመጣ ገንዘባችሁን አትስጡት። ከናኖው ጋር የሚቀራረበው እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ የፈቀደችው፣ 32 ሚሊግራም ትሪያምሲኖሎን በጥቃቅን የፖሊመር እንክብሎች አዝሎ ቀስ እያለ የሚለቅ መርፌ ነው፤ እሱም መድኃኒት ያደርሳል እንጂ አያለሰልስም።

ለእናቴ 1 በመቶ ዲክሎፌናክ ቅባት ገዛሁላት፤ ከኪኒኑ ይልቅ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ስለሆነ ለጨጓራዋ ይሻላል። የጭን ጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴም ጀምራለች። መቋሚያዋን ከሚያማት ጉልበት በተቃራኒው እጅ እንድትይዝ አሳይቻታለሁ። ስቴሮይዱን የማስወጋት ጉልበቷ አብጦ መራመድ ካቃታት ብቻ ነው።