አሮጌ መኪና ያላችሁ የባሕር ዳር ልጆች፣ ይህን ኤሌክትሪሺያን እወቁልኝ

አባይ ማዶ፣ ከጎንደር መውጫው አስፋልት ገባ ብሎ የሚሠራ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን አለ። ከፎገራ ሩዝና ሽንኩርት የምናመላልስባትን አሮጌ ቶዮታ ፒካፓችንን ከመገፋት አድኖልናልና እጁ ይባረክ!

መኪናዋ ባደረች ቁጥር ባትሪው ወርዶ ይገኛል። በየጋራዡ የሚሰጠን መልስ «ባትሪ ቀይሩ» ነበር። ቀየርን፤ አዲሱም ወረደ።

ይህ ወንድማችን ግን መፍቻ ሳያነሳ በቴስተር ለካ፤ ከዚያ ሽቦውን በጣቱ እየተከተለ አንድ በአንድ አሳየን። ድሮ ሬጉላተሯ (የሚሞላውን ቮልት የሚቆጣጠረው ዕቃ) ባትሪውን ከሚሞላው ዲናሞ ተለይቶ ለብቻው የታሰረ ነበር። በኋላ የተገጠመላት ዲናሞ ግን ሬጉላተሩን በውስጡ የያዘ ነው፤ የገጠመው ሰው አሮጌውን ከመስመሩ አላወጣውም። ከቁልፍ መምጣት ያለበትን የአይጂ (IG) ሽቦ በቀጥታ ከባትሪ አስሮታል፤ ስለዚህ ቁልፉ ተነቅሎም ዲናሞው ሌሊቱን ሙሉ ባትሪውን ሲመጥ ያድራል። ወደ ባትሪ መብራቷ የሚሄደው የኤል (L) ሽቦም ተቆርጦ ተትቷል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የባትሪ መብራት የማትበራው ለካ ለዚህ ነው! ያለ እሷ ደግሞ ዲናሞው መሙላት ቢያቆም ሹፌሩ የሚያውቀው በጨለማ መንገድ ላይ ሲቆም ነው።

አሮጌውን ሬጉላተር አወጣ። አይጂን ከቁልፍ በፊውዝ አሳለፈው፣ ኤልን በአምፖሏ በኩል አገናኘው (ያለ አምፖል በቀጥታ ከባትሪ ከተያያዘ ሬጉላተሩን ያቃጥለዋል)። ወደ ባትሪ የሚሄደውን ቀጭን ሽቦ ለአዲሱ ዲናሞ አምፔር በሚመጥን ወፍራም ገመድ ቀየረ። ከሞተር ወደ ቦዲ ያለውን ማሳ (የኔጌቲቭ ገመድ) ዝገቱን ፍቆ አጠበቀው። አሁን ሞተር ጠፍቶ 12.6፣ ሲነሳ 14.2 ቮልት ያሳያል፤ የፊት መብራት በርቶም ከ13.8 አይወርድም።

ከሁሉ ያስደሰተኝ ሌላ ነው። አብሮን የነበረ ሰው «ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ንቀልና መሙላቱን እንይ» ቢለው እምቢ አለ። ቮልቱ በድንገት ዘሎ ዲናሞው ውስጥ ያለውን ዳዮድም (ኤሌክትሪኩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን) ሬጉላተሩንም ሊያቃጥል ይችላል። ይህን ሙከራ ብዙ ቦታ አይቻለሁ፤ እባካችሁ በመኪናችሁ ላይ አታስደርጉ።

ዋጋውን ከመጀመሩ በፊት ነገረን፣ ሲጨርስም አንድ ብር አልጨመረም። የወጣውን ዕቃ ሁሉ በፌስታል አድርጎ መለሰልን።

ስልኩን በአደባባይ አልለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሥራውን ሳይቸኩል ስለሚሠራ ወረፋ አለው፣ ጠዋት ሂዱ።