የዲኤንኤ ሲኩዌንሰር ምርጫ፦ ኢሉሚና፣ ናኖፖር፣ ፓክባዮ ወይስ ሳንገር?

ሲኩዌንሰር (የዲኤንኤን ፊደላት፣ ማለትም ቤዞችን፣ ቅደም ተከተል የሚያነብ መሣሪያ) ሲገዛ ሻጭ ቀድሞ የሚያሳየው የአንድ ጊጋ ቤዝን (የአንድ ቢሊዮን ቤዝ ንባብን) ዋጋ ነው። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ ግን የሚሠራው ፍሎው ሴሉ (ናሙናው ተጭኖ የሚነበብበት አላቂ ክፍል) ሞልቶ ሲነሣ ብቻ ነው። ግማሹ ባዶ የሆነም ፍሎው ሴል ሙሉ ዋጋውን ይበላል። ስለዚህ ከካታሎግ በፊት በወር ስንት ናሙና እንደሚጠራቀም መቁጠር ይቀድማል።

ስሌቱ የጂኖሙ (የአንድ ፍጡር ሙሉ ዲኤንኤ) ርዝመት ሲባዛ በሚፈለገው ጥልቀት (እያንዳንዱ ቤዝ በአማካይ ስንት ጊዜ እንደሚነበብ) ነው። 5 ሚሊዮን ቤዝ ያለው ባክቴሪያ በ100 እጥፍ ጥልቀት ግማሽ ጊጋ ቤዝ ይወስዳል። የኢሉሚናው ሚሴቅ በቪ3 ኪት እስከ 15 ጊጋ ቤዝ ስለሚያወጣ በወረቀት ላይ 30 ባክቴሪያ ይይዛል። ንባቡ ግን ለናሙናዎቹ እኩል ስለማይዳረስ ከ20 ብዙም አለማለፍ ይሻላል። ለሰው ጂኖም በ30 እጥፍ ጥልቀት ከ90 ጊጋ ቤዝ በላይ ስለሚያስፈልግ ሚሴቅ አይታሰብም። የኢሉሚናው ኖቫሴቅ ኤክስ ፕላስ በአንድ ዙር በሁለት ፍሎው ሴል እስከ 16 ቴራ ቤዝ (16 ሺህ ጊጋ ቤዝ) ያወጣል፤ በ2022 ሲተዋወቅ የመሣሪያው ዋጋ ብቻ 1.25 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዓመት መቶ ጂኖም ለማይሞላ ላብራቶሪ ይህን መግዛት አንድ ሰው ለማመላለስ አውቶቡስ እንደመግዛት ነው።

ትክክለኛነትም አንድ ቁጥር አይደለም። የትኛው ስሕተት ሥራውን እንደሚያበላሽ መታወቅ አለበት።

የኢሉሚና ንባብ አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ጫፍ 150 ቤዝ። አብዛኛው ቤዝ ኪው30 ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ይኸውም ከ1000 ቤዝ አንዱ ቢሳሳት ነው። የሚሳሳተውም በአብዛኛው አንዱን ቤዝ በሌላ በመተካት ነው። ነጠላ ሚውቴሽን ለመፈለግ፣ የአርኤንኤ መጠን ለመለካት፣ ብዙ ናሙና ለማወዳደር ዛሬም ቀዳሚ ምርጫ ነው። ሁለት ነገር ግን ያስቸግራል። የኢሉሚናዎቹ ኔክስትሴቅና ኖቫሴቅ በሁለት ቀለም ስለሚሠሩ ጂ ቤዝ (ከአራቱ የዲኤንኤ ፊደላት አንዱ) ብርሃን የለውም፤ ምልክት ሲጠፋ መሣሪያው ባዶውን ጂ ብሎ ይጽፈዋል። በንባቡ ጭራ የጂ ሰልፍ ከታየ ባዮሎጂ አይደለም፤ እንደ ፋስትፒ ባለ ፕሮግራም ተቆርጦ ይጣላል። ሁለተኛው፣ ሁሉም ቁራጭ ተመሳሳይ አጀማመር ሲኖረው፣ ለምሳሌ በ16ኤስ ሥራ (ባክቴሪያዎችን በአንድ የጋራ ጂን በመለየት)፣ ካሜራው ክላስተሮቹን (የአንድ ቁራጭ ቅጂዎች የተከማቹባቸውን ነጥቦች) መለየት ያቅተዋል። መድኃኒቱ ፋይኤክስ (ቅደም ተከተሉ የታወቀ የቫይረስ ዲኤንኤ) መቀላቀል ነው፤ ለተለመደ ላይብረሪ (ለንባብ የተዘጋጀ ናሙና) 1 በመቶ ሲበቃ እዚህ 5 አንዳንዴም 20 በመቶ ይጨመራል። ያ ሁሉ ከሚከፈልበት ንባብ ላይ ይቀነሳል።

ናኖፖር ዲኤንኤውን በቀዳዳ አሳልፎ የኤሌክትሪክ ጅረቱን ለውጥ ያነባል። ሚንአዮን በመዳፍ የሚያዝ፣ ከኮምፒውተር በዩኤስቢ የሚገናኝ ነው፤ በ2015 ጊኒ ውስጥ ወረርሽኙ ባለበት ቦታ የኢቦላ ቫይረስን ለማንበብ አገልግሏል። መሣሪያው ርካሽ ነው፤ ገንዘብ የሚሄደው በፍሎው ሴል ነው። በአር10.4.1 ፍሎው ሴልና በከፍተኛው የንባብ ሞዴል (ጅረቱን ወደ ቤዝ በሚተረጉመው ፕሮግራም) የነጠላ ንባብ ትክክለኛነት 99 በመቶ ያልፋል። የሚቀረው ስሕተት በተደጋጋሚ ቤዞች ላይ ይከማቻል፦ ዘጠኝ ኤ ስምንት ሆኖ ይቆጠርና ጂኑ የተሰበረ ይመስላል። ሜቲሌሽንን (በዲኤንኤው ላይ የሚለጠፍ የኬሚካል ምልክትን) ያለ ተጨማሪ ኬሚካል ማንበቡ ግን ትልቅ ብልጫ ነው።

እዚህ ገንዘብ የሚባክነው በፒፔት (ጥቂት ፈሳሽ መለኪያና ማንጠባጠቢያ) ነው። ፍሎው ሴሉ እንደደረሰ ይፈተሽ፤ በሚንአዮን ዋስትናው 800 ንቁ ቀዳዳ ነው። ሲጫን መጀመሪያ ከፕራይሚንግ ቀዳዳው (ፍሎው ሴሉን የሚያዘጋጀው ፈሳሽ ከሚገባበት) 20 እስከ 30 ማይክሮ ሊትር ብቻ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ከዚያ ከበዛ ሜምብሬኑ (የማንበቢያ ቀዳዳዎቹ ያሉበት ስስ ሽፋን) ይደርቃል። ቀጥሎ 800 ማይክሮ ሊትር ፕራይሚንግ ፈሳሽ በዝግታ ይገባል፤ የፒፔቱ ጫፍ ውስጥ ትንሽ ሲቀር መግፋት ይቆማል። አንዲት የአየር አረፋ ገብታ ያለፈችበት ቀዳዳ አይመለስም። ደግሞም ያለ ጠንካራ ጂፒዩ (የግራፊክስ ፕሮሰሰር) ከፍተኛው ሞዴል ለቀናት ይንቀረፈፋል፤ ኮምፒውተሩን ከበጀቱ የሚረሱት ብዙ ናቸው።

ፓክባዮ አንዱን ቁራጭ ክብ አድርጎ ደጋግሞ ያነባል፤ ውጤቱ ከ15 እስከ 20 ሺህ ቤዝ የሚረዝምና 99.9 በመቶ ገደማ ትክክል የሆነ ንባብ ነው። አዲስ ጂኖም ለመገጣጠም፣ ተደጋጋሚ ክፍሎችን ለመሻገር የሚወዳደረው የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የፓክባዮ መሣሪያ ሬቪዮ በ2022 በ779 ሺህ ዶላር ወጣ፤ ያኔ አንድ ሴል (የመሣሪያው ማንበቢያ ቺፕ) 90 ጊጋ ቤዝ፣ ማለትም አንድ ሰው በ30 እጥፍ ጥልቀት፣ ይሰጥ ነበር። ጣጣው ናሙናው ነው። በቮርቴክስ የተናጠ፣ ቀዝቅዞ እየሟሟ የተመላለሰ ዲኤንኤ ተቆራርጦ ይደርሳል፤ ከፎርማሊን ከወጣ ቲሹ ደግሞ ረጅም ንባብ ባይጠበቅ ይሻላል። ፓክባዮ ከመግዛት በፊት የቁራጮቹን ርዝመት መለካት የግድ ነው።

ከኤምጂአይ ኩባንያ መሣሪያዎች ዲኤንቢሴቅ ጂ400 ለኢሉሚና ቅርብ ነው፤ ቁራጩን የሚያባዛው ከዋናው ቅጂ ስለሆነ የማባዛት ስሕተት እየተደራረበ አይሄድም። ከመግዛት በፊት ግን ያለው የላይብረሪ ኪት ይስማማው እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሳንገር ያረጀ ይመስላል እንጂ ከ700 እስከ 900 ቤዝ ያለውን አንድ ቁራጭ ለማረጋገጥ፣ ፕላስሚድ (ትንሽ ክብ ዲኤንኤ) ለመፈተሽ አሁንም ይመረጣል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት አሥር ቤዞች ደብዛዛ ስለሚሆኑ ፕራይመሩ (ንባቡ የሚነሣበት አጭር ዲኤንኤ) ከሚፈለገው ቦታ 50 ቤዝ ያህል ይራቅ። በሳምንት አሥር ናሙና ለማይሞላ ግን መሣሪያው አይገዛም፤ ፖሊመሩም ካፒላሪውም (ዲኤንኤው የሚያልፍባቸው ጄልና ቀጭን ቱቦ) ሳይሠሩ ጊዜያቸው ያልፋል። ናሙናውን ለአገልግሎት ሰጪ መላክ ይረክሳል።

ዋጋ ሲቀርብ ከሻጩ በጽሑፍ መቀበል የሚገባው ሦስት ነው፦ ሪጀንቱ (የሥራው ኬሚካል) ሲደርስ የሚቀረው የአገልግሎት ዘመን፣ የዓመታዊ ጥገና ውሉ ዋጋ፣ የወደቀ ዙር በማን ወጪ እንደሚደገም።