ምስጋናና ጥቆማ፦ በለገጣፎ አካባቢ ለሚሠራው የአኳሪየም ባለሙያ

በለገጣፎና በአያት አካባቢ ቤት ለቤት እየተዘዋወረ አኳሪየም የሚገጥምና የሚያጸዳ አንድ ወጣት ባለሙያ አለ፤ ይህን የጻፍኩት እርሱን በአደባባይ ለማመስገንና የእርሱ ዓይነት ሰው ለምትፈልጉ ለመጠቆም ነው።

ወንድሜ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ጥፍራም የሚባሉ፣ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ሁለት እንቁራሪቶችን ከነገንዳቸው አደራ ሰጥቶኝ ነበር። እንቁራሪት በቤት ማኖር በእኛ ዘንድ ስላልተለመደ የጠየቅኳቸው ሰዎች አብዛኞቹ በመገረም ሲያልፉኝ፣ እርሱ ግን ጉዳዬ ብሎ መጣልኝ። የሰፈራችን ሌሊት ብርዳም በመሆኑ የውሃ ማሞቂያ እንዲያመጣልኝ ብጠይቀው፣ በመጀመሪያ የገንዳውን ውሃ በቴርሞሜትር ለካ። ከዚያም እነዚህ እንቁራሪቶች የደቡባዊ አፍሪካ ዝርያ መሆናቸውንና ከ16 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ውሃ እንደሚስማማቸው አስረድቶ፣ ማሞቂያ እንደማያስፈልገን ነገረኝ። ሸጦልኝ ማትረፍ ሲችል ወጪ አዳነኝ።

ከሁሉ በላይ የጠቀመን ስለ ውሃ ያስተማረን ነው። እንቁራሪት በውሃው ውስጥ ያለውን ነገር በቆዳዋ ስለምትስብ፣ የቧንቧ ውሃ ክሎሪንም ሆነ እጅ ላይ የቀረ ሳሙና ይጎዳታል። እዚህ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ፣ ከሮቶው በሰፊ ባልዲ ቀድተን ሳንከድን ቢያንስ ለ24 ሰዓት እንድናቆየውና በየሳምንቱ የገንዳውን ሩብ ያህል ብቻ እንድንቀይር አሳየን። በጎናቸው በመርፌ የተሰፋ የሚመስለው መስመር የውሃን ንዝረት የሚያውቁበት አካል በመሆኑም የማጣሪያውን ግፊት ቀነሰው፤ ከዚያ ወዲህ ጥግ ይዘው መደበቃቸውን ትተዋል።

ልጄን አጠገቡ አስቀምጦ ማብላትንም በትዕግሥት አስተማራት። እነዚህ እንቁራሪቶች ምላስ የላቸውም፤ ጸረ ተባይ ካልነካው ጓሮ የተለቀመ የምድር ትል ሲጣልላቸው በፊት እግሮቻቸው ጣቶች እየገፉ ወደ አፋቸው ያስገባሉ። ልጄ አሁን ይህን ሥራ ለማንም አትለቅም።

ደጋግሞ ያሳሰበን አንድ ነገር አለ፦ ማሳደግ ቢያቅተን እንኳ ወንዝ ውስጥ እንዳንለቃቸው፣ የያዙት የቆዳ ፈንገስ ካለ ወደ አገራችን እንቁራሪቶች ሊተላለፍ ስለሚችል ለእርሱ እንድንደውልለት ነው። ከገበያው ርቆ እንዲህ የሚያስብ ባለሙያ ክብር ይገባዋል።

ስልኩን እንድሰጥ ስለፈቀደልኝ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ ቅዳሜና እሁድ ሥራ ስለሚበዛበት በአዘቦት ቀን ብትደውሉለት ይሻላል።