ባለ 26 ኢንች፣ ባለ 21 ማርሽ ብስክሌት በመልካ ጀብዱ መንገድ ዳር

ድሬዳዋ ውስጥ ከከዚራ የዛፍ ጥላ ወጥቶ ወደ መልካ ጀብዱ ለሚነዳ ሰው መሃል ከተማ የሚያገለግለው ብስክሌት እንዳለ አይበቃውም። መንገዱ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ከባድ ዳገት የለውም፤ ጉልበት አይፈትንም። የሚፈትነው ጠርዙ ነው። ሌላ አገር ከፈጣን መንገድ ጎን ለብስክሌት ብቻ የተለየ፣ በግንብ ወይም በብረት አጥር የተከለለ መስመር ይሠራል። እዚህ ለብስክሌተኛው የሚተርፈው የአስፋልቱ ዳርና ከዳሩ የሚጀምረው ጠጠር ሲሆን፣ አጠገቡ ደግሞ ከባድ መኪና ያልፋል። ይህን ብስክሌት የመዘንነውም በዚያች ጠባብ መስመር ላይ ነው።

ብስክሌቱ ገበያ ላይ በብዛት የሚታየው ዓይነት ነው፦ 26 ኢንች ጎማ፣ ስፋቱ 1.95 ኢንች፣ ከፊት 3 ከኋላ 7 ባለ ጥርስ ክብ፣ የሺማኖ ቱርኔ ማርሽ መለወጫ። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ይገዛል፤ ግን ከሱቅ እንደወጣ ለመንገድ ዳር አይሆንም። ጎማው፣ የኋላ እግሩና ካቴናው መስተካከል አለባቸው። ወጪው ከብስክሌቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

ስትመርጡ ከኋላ ሞላ ያለውን ተዉት። ፍሬሙ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ያለችው ቡሽ በአቧራ ቶሎ ትበላና የኋላ ጎማው ወደ ጎን መወዛወዝ ይጀምራል። በሜዳ አስፋልት ላይም ፔዳል በተረገጠ ቁጥር ሞላው ከጉልበታችሁ ይቀማችኋል። የፊቱ ሞላ ብዙ ስለማይጎዳ ይኑር። ፍሬን ላይ ምርጫ ካላችሁ፣ በሽቦ ከሚጎተተው ርካሽ ዲስክ ይልቅ ቸርኬውን፣ ማለትም ጎማው የሚቀመጥበትን ክብ ብረት፣ በላስቲክ የሚይዘው ይሻላል። ርካሹ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ሸራ ብቻ የሚንቀሳቀስ ስለሆነ ሳህኑን ወደ ሌላኛው ሸራ እያጎበጠ ነው የሚይዘው፤ በትንሹ ከተጣመመ መፋቁን አያቆምም። የቸርኬው ፍሬን ላስቲክ ግን በአንድ ቁልፍ ይቀየራል፣ ማለቁም በዓይን ይታያል።

ወደ ጎማው እንምጣ፤ የዚህ መንገድ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። ዳሩ ላይ ሦስት ጠላቶች አሉ። አንደኛው እሾህ ነው፦ የግራርና በአካባቢው የተስፋፋው፣ ፕሮሶፒስ የሚባለው ዛፍ እሾህ፣ በነፋስ ተገፍቶ የመጣም ከማገዶ ሸክም የረገፈም። ሁለተኛው የጠርሙስ ስባሪ ነው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ከፈነዳ የጭነት መኪና ጎማ የሚረግፍ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ የብረት ሽቦ ነው። ከባድ መኪና በሚያዘወትረው መንገድ ሁሉ ዳሩ ላይ ይከማቻል። ሲወጋ አይሰማም፣ ንፋሱም ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ማታ ሙሉ የነበረው ጎማ ጠዋት ተኝቶ ይገኛል። ካላማዳሪያው ተለጥፎ ሲመለስ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና የሚበሳው ሽቦው ከውጭኛው ጎማ ሳይነቀል ስለሚቀር ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። የጎማውን ውስጥ በጣት ሳይሆን በጥጥ ወይም በአሮጌ የናይለን ካልሲ ዙሩት፤ ሽቦው ጥጡን ይይዘዋል። ከዚያ በወረንጦ ይነቀላል። ወረንጦ የሌለው የጥገና ቦርሳ ለዚህ መንገድ ጎዶሎ ነው።

የንፋሱ መጠን በጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ በዚህ ስፋት ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 65 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከኋላ 55፣ ከፊት 45 ይበቃል። ከዚህ ሲያንስ ጎማው የአስፋልቱን ጠርዝ ሲመታ ካላማዳሪያው በቸርኬውና በጠርዙ መካከል ይቀረጠፍና ሁለት ጎን ለጎን ቀዳዳ ያወጣል፤ እንደ እባብ ንክሻ። ሁለት ቀዳዳ ካያችሁ እሾህ አትፈልጉ፣ ንፋስ ጨምሩ።

ንፋስ ከጎሚስታ ስታስሞሉ ተጠንቀቁ። ኮምፕሬሰሩ የጭነት መኪና ጎማ የሚሞላ ነው፤ የብስክሌቱ ካላማዳሪያ ደግሞ የሚይዘው አየር ትንሽ ስለሆነ በሴኮንዶች ያልፍበታል። በአጭር በአጭሩ እንዲሰጥ ንገሩት፤ በየመሃሉ የጎማው ከንፈር ቸርኬው ውስጥ ዙሪያውን እኩል መቀመጡን እዩ። አንድ ቦታ ካበጠ ወዲያው አስተንፍሱ። ከቻላችሁ ግን መለኪያ ያለው መንፊያ ቤት ውስጥ ይኑራችሁ።

የድሬ ሙቀት ጎማ ያፈነዳል የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። 25 ዲግሪ ላይ 50 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ 50 ዲግሪ ቢደርስ ወደ 55 ከፍ ይላል እንጂ ሌላ ነገር አይሆንም። ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚፈነዳው ከንፈሩ በደንብ ያልተቀመጠ፣ ካላማዳሪያው ከስሩ የተቆነጠጠ ወይም ማስቲሹ በሙቀት የለቀቀ ጎማ ነው። ለዚህ ነው ስትለጥፉ መቸኮል የማያዋጣው። ጥላ ሥር ሁኑ። ቀዳዳው ዙሪያውን ከመለጠፊያው ትንሽ ሰፋ አድርጋችሁ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉ፣ ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ 5 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። በጣት ጀርባ ስትነኩት የማይጣበቅ ሲሆን ለጥፉና ከመሃል ወደ ዳር አጥብቃችሁ ጫኑት። ፀሐይ ላይ ከሠራችሁት ማስቲሹ ላዩ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ መለጠፊያውም ሳምንት ሳይሞላው ይነሳል።

ቀዳዳ የሚደፍነውን ፈሳሽ ያገኘ ለአንድ ጎማ 120 ሚሊ ሊትር ያህል ይጨምር። የእሾህና የሽቦ ቀዳዳን በደንብ ይደፍናል፤ በጠርሙስ የተቆረጠን አይችለውም። በሙቀት ቶሎ ስለሚደርቅ በየጥቂት ወሩ መታየት አለበት። ካልተገኘ አሮጌ ካላማዳሪያ ለሁለት ተሰንጥቆ በጎማውና በአዲሱ ካላማዳሪያ መካከል ይነጠፋል። ትንሽ ያከብዳል፣ ግን ይሠራል። ሁለቱ ጫፎች የሚገናኙበት ቦታ ስል ሆኖ ከቀረ ራሱ ካላማዳሪያውን ፍቆ ይበሳዋልና በብርጭቆ ወረቀት ማሳሳት ግድ ነው።

አብሮት የሚመጣው ባለ ጥርስ ጎማ ለጭቃ የተሠራ ነው። አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ይጎትታል። ሲያልቅ መሃሉ ለስላሳ በሆነ 1.75 ስፋት ባለው ተኩት።

የኋላ እግሩ ደካማ ጎን አለው። በዚህ ዓይነት ሞዞ (የጎማው እምብርት) ላይ ጥርሱ እንደ ቡሎን ተጠምዝዞ ነው የሚታሰረው፤ የቀኙ ኩሽኔታ ደግሞ ከጥርሱ ወዲያ ወደ ውስጥ ገብቶ ስለሚቀመጥ በሞዞው መሃል የሚያልፈው ብረት ጫፍ ያለ ድጋፍ ይቀራል። ከኋላ ከባድ ዕቃ ጭኖ ጉድጓድ ውስጥ መግባት ያንን ብረት ያጎብጠዋል፣ ይሰብረዋልም። ምልክቱ ጎማው ወጥቶ ብረቱ በጣት ሲዞር ጫፉ መወዛወዙ ነው። አዲስ ብስክሌት ስትገዙ ጎማውን ይዛችሁ ግራ ቀኝ ነቅንቁት። ከተንኳኳ ኩሽኔታው ላልቷል ማለት ነው፤ ካልዞረ ደግሞ ከልክ በላይ ጠብቋል። ግሪስም አንዳንዴ እጅግ ጥቂት ስለሚሆን ከመንዳታችሁ በፊት ማስከፈት አይከፋም። ሞዞውንና ቸርኬውን የሚያገናኙትን ሽቦዎች ሁለት ሁለት እየጨመቃችሁ እኩል መወጠራቸውን እዩ። ከኋላ በቀኝ በኩል ያሉት ቀድመው ይሰበራሉ፤ ለጥርሱ ቦታ ሲባል ቸርኬው ወደ ቀኝ ስለሚሳብ ውጥረቱ እነሱ ላይ ይበዛል።

ለካቴና የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀባ ሰው ብዙ ነው። አቧራውን ይይዝና እንደ ሞረድ ይፈጫል። ቀጭን ዘይት በየመገጣጠሚያው አንድ አንድ ጠብታ፣ ከዚያ ላዩን በጨርቅ መጥረግ ይበቃል። 24 መገጣጠሚያ በማስመሪያ ስትለኩ አዲሱ 30.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 30.6 ሲደርስ ቀይሩት፣ አለዚያ የኋላውን ጥርስ ይዞት ይሄዳል።

ማርሹ ለሜዳው ከበቂ በላይ ነው። ከፊት ባለ 42፣ ከኋላ ባለ 14 ጥርሱ በደቂቃ 60 ጊዜ ሲረገጥ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳል። ትንሹ፣ ከፊት 24 ከኋላ 28 ጥርስ፣ ደግሞ 6 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት መውጣት ለሚፈልግ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ከደንገጎ ሲወረድ ፍሬኑን ሳይለቁ መያዝ ቸርኬውን ያግለዋል። አጥብቆ ይዞ ፍጥነቱን መቀነስ፣ ከዚያ ለቆ ማስቀዝቀዝ ይሻላል።

አሁን ጠርዙ ላይ። በቀኝ፣ ከመኪናው ጋር በአንድ አቅጣጫ ንዱ። ፊት ለፊት እያየሁት ብሄድ ይሻላል የሚለው ሐሳብ አደገኛ ነው፦ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌትና በ60 የሚሄድ መኪና ፊት ለፊት ሲሆኑ በ78 ይቀራረባሉ፣ ከኋላ ሲመጣ ግን በ42። በመሪው ግራ መስተዋት ይታሰር። ረጅም ተሳቢ ሲያልፍ መጀመሪያ ወደ ውጭ ይገፋችኋል፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ራሱ ይስባችኋል። የሚጥለው ሁለተኛው ነው፤ ብዙ ሰው ግፊቱን ለመቋቋም ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ሳለ ነው ስበቱ የሚያገኘው። ክርናችሁን ላላ አድርጋችሁ ቀጥ ብላችሁ ቆዩ። ጎርፍ አሸዋ ያመጣበት ቦታ ላይ የፊት ፍሬን አይነካም፣ መሪም አይጠመዘዝም። አስፋልቱ ከጠጠሩ ከፍ ያለበት ቦታ ወርዳችሁ ከነበረ ጎን ለጎን አትውጡት፤ ጎማው ጠርዙን እየፋቀ ይጥላችኋል። ቆም ብላችሁ አንስታችሁ ግቡ።

ሰዓቱ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል መውጣት፣ 2 ሰዓት ላይ መመለስ ነው፤ አንድ ሊትር ውኃ ይበቃል። ስትሄዱ ፀሐይ ከኋላችሁ ስለሆነች ከኋላ የሚመጣው ሹፌር አጥርቶ ያያችኋል። ስትመለሱ ግን ወደ ምሥራቅ ነው፤ ዝቅ ያለችው ፀሐይ እናንተንም ከኋላችሁ ያለውን ሹፌርም ዓይን ትመታለች። ብዙ ሰው መብራትን ለማታ ብቻ ያስበዋል፤ እዚህ መንገድ ላይ ብልጭ ድርግም የሚለው ቀይ የኋላ መብራት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው በዚያች የመልስ ሰዓት ነው። የጥገና ቦርሳው ከኮርቻው ሥር ስለሚንጠለጠልና ስለሚሸፍነው፣ መብራቱን ከቦርሳው ዝቅ አድርጋችሁ በፓራፋንጎው ላይ እሰሩት።